የወይራ ጭስ ያልደረሰበት

ያለምወርቅ ከዓይኗ ይልቅ አፍንጫዋን ታምናለች። ሱሉልታ ውስጥ ላም ያለው ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። ወተት ተረካቢው በመሣሪያው ለክቶ «ደህና ነው» ያለውን ወተት፣ እሷ የእቃውን አፍ አንዴ አሽትታ «ይሄ ትናንት አልታጠበም» ካለች አለቀ፤ ባለወተቱ አንገቱን ደፍቶ ይመለሳል። ያን ሰኞ ሰበታ ላይ ከሚኒባስ ወርዳ የልጇ ቤት ደጃፍ ስትደርስም ቀድሟት የገባው አፍንጫዋ ነው።

«በስመ አብ!» አለች በነጠላዋ ጫፍ አፏን ይዛ። «አራስ የሚተኛው እዚህ ነው?»

የልጇ የላሊሴ ባል ሚልኬሳ የገንፎ ዱቄቱንና ቅቤውን ተሸክሞ ከኋላዋ ቆሟል። ምን ይበል? ላሊሴ ያን ዕለት ጠዋት ሆስፒታል ገብታለች። ማክሰኞ በኦፕራሲዮን ትወልዳለች፣ ደህና ከሆነች ዓርብ ወደ ቤት ትመለሳለች ተብሏል። ያለምወርቅ የመጣችው በእነዚያ ቀናት ውስጥ ይህችን አንድ ክፍል የኪራይ ቤት የአራስ ቤት ልታደርጋት ነው።

«ሥራ በዝቶብን ነው እማማ» አለ ሚልኬሳ። «እሷም ሆዷ ገፍቶ መጎንበስ አቅቷት...»

«የሷስ ሆድ ገፍቶ ነው። ያንተን ሆድ ምን ገፋው?»

ሰው ሲጸየፍ ማየት የፈለገ ያን ቀን ያለምወርቅን ማየት ነበረበት። ትራሱን በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ ወደ ብርሃን አወጣችው፤ በፀጉር ቅባት ወዝቶ መሐሉ ቡናማ ሆኗል። ፍራሹን ስትገለብጠው ትኋኑ በስፌቱ ላይ ተደርድሮ ጠበቃት። አንዱን በጥፍሯ ስትጨፈልቀው ያ አንዴ ያሸተተው የማይረሳው ሽታ ወጣና ምራቋን እየተፋች ወደ ደጅ ሮጠች። ከምድጃው ጀርባ የበረሮ እንቁላል፣ ከቁም ሳጥኑ ሥር ደርቆ ከሲሚንቶው ጋር የተጣበቀ አይጥ። ከአልጋው በላይ ያለው ግድግዳ በእርጥበት ሻግቶ ጠቁሯል። ደጁንማ አታንሱት! ስምንት ቤተሰብ የሚጠቀምበት ሽንት ቤት ከበሩ አሥር እርምጃ አይርቅም፤ ፍሳሹም አረፋ እየደፈቀ በደጃፉ ያልፋል።

«ኤጭ! ኤጭ እቴ!» እያለች ጠረገች፣ ፋቀች፣ አቃጠለች። ግድግዳውን ኖራ ቀባች፤ ፍራሹን በፀሐይና በፈላ ውሃ ፈጀችው። ለራሷ የምትጠጣውን ውሃ እንኳ ከሱሉልታ በጀሪካን ይዛ ነው የመጣችው፤ የሰው አገር ውሃ ያቅራታል። የጊቢው ሰው «ሴትየዋ ኩራት አበዛች» እያለ ተጠቃቀሰባት።

አያውቁም እንጂ ቢያውቁ አይጠቃቀሱም ነበር። ያለምወርቅ ከላሊሴ በፊት የወለደችው ወንድ ልጅ ነበራት። አርባ ቀኑ ሳይሞላ በተቅማጥ ሞተባት። ያኔ የጤና ጣቢያው ነርስ «ውሃውን በምን እቃ ነበር የምታስቀምጪው?» ብሎ ጠየቃት፤ ከዚያ ሌላ ምንም አልተናገረም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ እቃ ባጠበች ቁጥር ይህ ጥያቄ ይመጣባታል።

ስለዚህ የቤቱን የውሃ በርሜል እየፈራች መጨረሻ ላይ ከፈተችው። የበርሜሉ ውስጥ በሚያሟልጭ አረንጓዴ ነገር ተለብጧል። ከላይ ቀጫጭን ትሎች ይወራጫሉ።

«ዋቀዮ! ልጄ ከዚህ ነው እየቀዳች የኖረችው?» በርሜሉን እንዳለ ደጅ ላይ ደፋችው። «ስማ ሚልኬሳ፤ ውሃ በሳምንት አንዴ በሚመጣበት ሰፈር ሕፃን ያለ ንጹሕ እቃ አያድግም። እስከ ረቡዕ ካላመጣህ፣ ዓርብ ከሆስፒታሉ በር ላይ ልጄንም የልጅ ልጄንም ይዤ ሱሉልታ እገባለሁ። እኔ ሁለተኛ ጨቅላ አልቀብርም!»

ሚልኬሳ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ አንድ የአበባ እርሻ ውስጥ ጽጌረዳ ያሽጋል። ማክሰኞ ጠዋት ላሊሴ ሴት ልጅ በሰላም ተገላገለች። «ባጋ ገመዳን! እንኳን ደስ አለን!» ብሎ ለአማቱ ደወለላት፤ ያለምወርቅም ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች እልልታዋን አቀለጠችው። ከሰዓት በኋላ ፈቃድ ሊጠይቅ ወደ ሥራው ሄደና ሲመለስ በባጃጅ አንድ ሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜል ጭኖ መጣ።

«ምን ነበረበት?» አለች።

«ፈሳሽ ሳሙና መሰለኝ። መጋዘን የሚሠራ ልጅ ነው የሰጠኝ። ሦስቴ ታጥቧል ብሎኛል።»

መሰለኝ! ያለምወርቅ በሌላ ቀን ቢሆን ይህችን «መሰለኝ» ይዛ ታፋጥጠው ነበር። ያን ቀን ግን ዓይኗ በርሜሉ ላይ ቀረ። ወፍራም ነው፣ ስንጥቅ የለውም፣ ክዳኑም ዙሪያውን ጎማ ስላለው ግጥም ይላል። እዚያ ቤት ከገባች ወዲህ ያልተጸየፈችው የመጀመሪያ ነገር ይኸው በርሜል ሆነ።

ቢሆንም ያለምወርቅ ያለምወርቅ ናትና በሰው እጥበት አላመነችም። በአሸዋ ፈተገችው፣ በአመድ ደገመችው፣ በበረኪና ሠለሰችው። ከዚያ በአገሯ ለወተት እቃ እንደሚደረገው፣ የወይራ ፍም በሸክላ ገል አድርጋ ውስጡ አስቀምጣ አፉን በጨርቅ አፍና አጠነችው። አንዴ አይደለም፣ ሦስት ጊዜ። ጭሱ ሲወጣለት ጭንቅላቷን እስከ አንገቷ ከትታ በረጅሙ ሳበች። ወይራ፣ ወይራ ብቻ!

«እሰይ! እቃ ማለት ይሄ ነው» ብላ በርሜሉን መታ መታ አደረገችው።

ረቡዕ ውሃ መጣ፤ እስከ አፉ ሞላችው። ከሱ እየቀዳች የሕፃኗን ልብስ አጠበች፤ ቆቦቹን፣ የሽንት ጨርቁን፣ ብርድ ልብሷን፣ የላሊሴን አንሶላ። የተረፈውን እጣቢ ወለሉ ላይ ቸልሳ ወለወለችበት። አመሻሽ ላይ በጣቶቿ መሐል ይለበልባትና ያሳክካት ጀመር። «ይሄ በረኪና» ብላ ቅቤ ቀባችው።

ሐሙስ ከጎን ያለችው ተከራይ ጣቢታ በሩን አንኳኳች። ጣቢታ ከደቡብ ለሥራ የመጣች ናት፤ እሷም የምትሠራው እዚያው አበባ እርሻ ነው። ያለምወርቅ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የዚህችን ሴት እጅ ማየት አትችልም ነበር። ቆዳው ተላልጧል፣ ጥፍሮቿ ጠይመው ተሰነጣጥቀዋል፣ የጣቶቿ ጫፍ ነጥቶ ይፈረፈራል። ምን ዓይነት በሽታ ነው? ደግሞ በዚያ እጅ አጣጥፋ ያመጣችው ያረጀ የሕፃን ጨርቅ ነው፤ እዚህም እዚያም ብጫ ነጠብጣብ አለበት።

«እንኳን ደስ አለዎት እማማ» አለች ጣቢታ። «የልጄ ነበር። አዲስ ጨርቅ ለጨቅላ ገላ ይሻክራል ብዬ ነው። ቀቅዬዋለሁ።»

ያለምወርቅ ጨርቁን አየች፣ የጣቢታን እጅ አየች። በሁለት ጣቷ ተቀበለቻትና «እግዜር ይስጥልኝ» አለች ከአንገቷ በላይ። ግቢ አላለቻትም። ገና ጣቢታ ዞር ስትል ጨርቁን ፌስታል ውስጥ ከትታ ከአጥሩ ሚስማር ላይ ሰቀለችው፤ ለቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ መሆኑ ነው። ጣቢታ ከበሯ ሆና አየቻት። መጥታ ፌስታሏን ወሰደችና ቤቷ ገባች። ያለምወርቅ ትንሽ ደነገጠች፤ ግን አላፈረችም። የመጣሁት ሰው ላስደስት ነው እንዴ? አለች በሆዷ።

ዓርብ ስምንት ሰዓት ላይ ሁሉም ነገር አልቋል። አልጋው ተነጥፏል፣ መጋረጃው ተዘርግቷል፣ የሕፃኗ ልብስ ተጣጥፎ ትራሱ ላይ ተቀምጧል። ቤቱ ኖራና ወይራ ይሸታል። ያለምወርቅ በሩ ላይ ቆማ ወደ ውስጥ ሳበች፤ ምንም የሚያስጠላ ነገር አላገኘችም። ከዚያ ሰማያዊውን በርሜል ወደ ደጃፍ አስጠግታ የሕፃኗን መታጠቢያ በትልቅ ድስት ቀዳችና ከሰል ላይ ጣደችው። ከዘጠኝ ሰዓት በፊት እንደርሳለን ብለዋል።

ውሃው እንፋሎት ማውጣት ሲጀምር ጣቢታ ከሥራ ገባች። በርሜሉን ስታይ ባለችበት ቆመች።

«እማማ፣ ይሄን ማን አመጣው?»

«ምን አገባሽ?»

«የተጣደው ውሃ ከዚህ ነው የተቀዳው?»

«አዎ፣ ለሕፃኗ መታጠቢያ። ራቅ በይ! እጅሽን እንዳታስነኪው!»

ጣቢታ አልራቀችም። ቦርሳዋን ጣለች፣ የድስቱን ጆሮ በነጠላዋ ይዛ ውሃውን እንዳለ ፍሳሹ ውስጥ ደፋችው። ያለምወርቅ ጮኸች። የጊቢው ሰው ከየበሩ ብቅ ብቅ አለ።

«አበድሽ እንዴ! አንቺ ቆሻሻ!» ብላ እጇን ልትሰነዝር አነሳች።

«ይምቱኝ፤ ግን አስቀድመው ያሽትቱ» አለች ጣቢታ። የበርሜሉን ክዳን አነሳች። በዚያ በተሰነጣጠቀ ጥፍሯ ከሥሩ ፈልቅቃ ክዳኑን የሚያገጥመውን ጎማ አወጣችና ከያለምወርቅ አፍንጫ ሥር ያዘችላት። «ጊቢው በሙሉ ስለ አፍንጫዎ ሰምቷል። ያሽትቱ!»

ያለምወርቅ አሸተተች።

የወይራው ጭስ እዚያ አልደረሰም። አሸዋውም በረኪናውም አልደረሰም። የበሰበሰ ነጭ ሽንኩርት ከናፍጣ ጋር የተደባለቀ የመሰለ ነገር እስከ አናቷ ወጣ፤ ዓይኗ እንባ አዘነበ። አጥሩን ተደግፋ፣ በዚያ አራት ቀን ሙሉ ስትጸየፈው በነበረው ፍሳሽ ላይ ተጎንብሳ አስታወከች።

«አበባ ላይ የሚረጭ የተባይ መርዝ ነው» አለች ጣቢታ ከኋላዋ። «ሁለት ዓመት መጋዘን ውስጥ ይሄን በርሜል ነው ሳጥብ የኖርኩት። ፕላስቲኩ ይጠጣዋል፣ ቢያጥቡት አይለቅም። ባዶውን ሰው ቤት እንዳይወስደው በስተን ነው የምንጥለው። ይሄን ሳይበሱ ነው ያወጡት። እጄ ቆሻሻ አይደለም እማማ። እጄን እንዲህ ያደረገው ይሄው ነው።»

ያለምወርቅ ቀስ ብላ የራሷን እጅ ዘረጋች። በጣቶቿ መሐል ቆዳው ቀልቶ መላጥ ጀምሯል። ውሃውን በምን እቃ ነበር የምታስቀምጪው? አለ ያ ነርስ። አሁንም ሌላ ምንም አላለም።

«ልብሷን አጥቤበታለሁ» አለች። «ብርድ ልብሷን፣ አንሶላውን፣ ወለሉን... ሁሉንም ጣቢታ፣ ሁሉንም!» ያን ሁሉ በእጇ ነው ያደረገችው። አይጡም፣ ትኋኑም፣ ያ አረንጓዴ ውሃም እንደዚህ አላስጸየፏትም ነበር። ራሷን ከራሷ ላይ አውልቃ የምትጥልበት ቦታ ብታገኝ በወደደች።

ጣቢታ የሽንኩርት ቢላዋ ይዛ መጣችና በርሜሉን ጎኑንም ታቹንም በሳሳችው። ገና ሳትጨርስ የባጃጅ ጥሩምባ ከበሩ ተሰማ። ሰውም በርሜሉን ትቶ ወደ በሩ እልል እያለ ሮጠ።

«ያ ትናንት ያመጣሽው ጨርቅ...» አለች ያለምወርቅ።

ጣቢታ የምትለው ብዙ ነገር ነበራት። «ቤት አለ» ብቻ አለች።

«አንቺ ቤት ታስገቢያቸዋለሽ? አልጋሽ ላይ?»

«ምን ጥያቄ አለው! ይልቅ ውሃ ያፍስሱልኝ።»

ያለምወርቅ የሱሉልታውን ጀሪካን አንስታ አፈሰሰችላት። ጣቢታ እስከ ክርኗ ታጠበች። የተረፈውን ያለምወርቅም በሳሙና ታጠበችበት፤ ደጋግማ ታጠበች፤ ከዚያ እጇን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች። ሳሙና ነው የሚሸታት። ዛሬ ግን አፍንጫዋን አላመነችውም።

ላሊሴ ሚልኬሳን ተደግፋ፣ ሆዷን በአንድ እጇ ይዛ ቀስ እያለች ገባች። ሚልኬሳ የተበሳሳውን በርሜል ሲያይ ፊቱ ዐመድ መሰለ። ላሊሴ ግን ከእናቷ በቀር ያየችው የለም። ሕፃኗን በሆስፒታሉ ጨርቅ እንደተጠቀለለች ወደፊት አቀረበቻት።

«እማዬ፣ ተቀበይኝ እንጂ!»

ያለምወርቅ ሁለት እጇን ወደ ኋላዋ ደበቀች። አንዲት ቀይ፣ የተጨማደደች፣ የወተት ሽታ ያላት ነገር ከፊቷ ናት፤ ሠላሳ ዓመት የጠበቀቻት ናት። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች።

«ጣቢታ፣ አንቺ ተቀበያት» አለች።

ጣቢታ በዚያ በተላላጠ እጇ ተቀበለቻት፣ ጠበቅ አድርጋ ደረቷ ላይ አስጠጋቻትና ወደ ቤቷ ይዛት ገባች። ላሊሴ የእናቷን ፊት እያየች ባለችበት ቀረች፤ ዓይኗ እንባ ሞላ።

«ምን ሆነሽ ነው እማዬ? ልጄንም ተጸየፍሻት?»

«እሷን አይደለም የኔ ልጅ» አለች ያለምወርቅ። «እጄን ነው።»