እሱባለው ይዟት የሚገባው ሃይላንድ

አፊፋ በሰው አትፈርድም፤ በሃይላንድ ግን ትፈርዳለች። እሱባለው አናጺው ምሳውን ሊበላ በገባ ቁጥር ዓይኗ መጀመሪያ የሚያርፈው ፊቱ ላይ ሳይሆን ኮቱ ላይ ነው። ኮቱ በግራ በኩል ያብጣል። ያሳበጠችው ወረቀቷ የተላጠ፣ ግማሽ ሊትር የምትይዝ የውሃ ሃይላንድ ናት። ሰውዬው ይቀመጣል፤ ግራ ቀኙን ያያል፤ ከጠረጴዛው በታች ይከፍታታል፤ አንገቱን ሰበር አድርጎ ይጎነጫል፤ መልሶ ይሸጉጣታል። እስቲ ፍረዱ፣ ውሃ እንዲህ ይጠጣል?

«ውሃ ከሆነ ምን ያስደብቀዋል?» ትላለች ሽንኩርት እየከተፈች። «አረቄ ነው። ወላሂ አረቄ ነው!»

ጅማ ውስጥ መጠጥን በብብት ይዞ ምግብ ቤት መግባት አዲስ ነገር አይደለም። ከአጋሮ ቡና ሸጠው የሚመጡ ነጋዴዎች ቢራ ቤት እንኳን ውስኪያቸውን በጥቁር ፌስታል ይዘው ይገባሉ፤ ባለቤቱ ያጉረመርማል፣ የመክፈቻ ብሎ ያስከፍላል፣ ያልፋል። የአፊፋ ቤት ግን ሌላ ነው። ጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር ያለውን ይህን ቤት ሐጂ ጅብሪል ያከራዩዋት ባሏ ሲሞትባት ነው። ያኔ አንድ ቃል አስገብተዋታል። «አፊፋ፣ እዚህ ቤት አባቴ ቁርኣን ሲያስቀሩበት ኖረዋል። አንቺ እያወቅሽ የሚያሰክር ነገር የተጠጣበት ቀን ቤቱን ትለቂያለሽ።» እሷም ምላ ተቀበለች። ሐጂ ደግሞ ቃላቸውን የሚያጥፉ ሰው አይደሉም። ይህ ቤት ከሄደ አፊፋ ልጆቿን የምታሳድግበት ሌላ ምንም የላትም።

ስሟን ያስጠራው ብርዟ ነው። ማር በውሃ በጥብጣ፣ ገሾ የሚባል ሳታስነካ፣ ለበላ ሁሉ በነጻ ትቀዳለች። ሐጂ ራሳቸው ከዙህር ሶላት በኋላ ሳይጠጡት አይውሉም። ድሮ የምትበጠብጠው ማታ ማታ አጥባ በምትደፋው እንስራ ነበር፤ ገበያው ሲደራ ሰማያዊ በርሜል ገዛች። ውሃ በፈረቃ ሆነና በርሜሉን ማጠብ ቀረ፤ ሲጎድል በላዩ ላይ ማርና ውሃ መጨመር ነው፣ አለቀ። እንዲያውም ጣዕሙ ተሻሽሏል ብለው የሚያመሰግኗት በዙ።

እሱባለው ብቻ ነው የማይነካው። ክርስቲያን ስለሆነ ሥጋዋን አይበላም፣ ሽሮና ምስሯን ነው፤ ይሄ የታወቀ ነው፣ ማንም አይቀየምበትም። ብርዝ ግን ምን አደረገው? አንድ ቀን ውሃ ቢጠይቃት፣ «ብርዝ እያለ ውሃ የሚጠጣ ማነው? ውሃውስ ከየት ይምጣ?» ብላ ሰው አሳቀችበት። ሃይላንዷ የመጣችው ከዚያ ወዲህ ነው። የተቀዳለትን ብርዝ አጠገቡ ወደሚቀመጠው ወደ ሱፊያን ገፋ ያደርገዋል። ሱፊያን ባጃጅ ነጂ ነው፤ የራሱንም የጎረቤቱንም ያንቆረቁርና መሳቅ ይጀምራል። ምን እንደሚያስቀው አላህ ይወቅ። ዳቦ ሲቀርብለት ይስቃል፣ ቁልፉ ሲወድቅበት ይስቃል። ባለፈው ባጃጁን ከሰው አጥር ጋር አላትሞ ወርዶም ሳቀ።

አፊፋ ነገሩን አገላብጣ አገላብጣ ደረሰችበት፤ እሱባለው አረቄውን ብርዙ ውስጥ እያንጠባጠበ ልጁን እያበላሸባት ነው! ደግሞስ ያለ ታሪኩ ነው? ድሮ ቦይ ውስጥ ሲያድር እየጎተተች የምታስገባው ሚስቱ መቅደላዊት ነበረች። መቅደላዊት ከምግብ ቤቱ ፊት ለፊት፣ መንገድ ዳር ቲማቲምና ሽንኩርት ትሸጣለች፤ በነፍስ አባቱ ፊት አስምላ ካስተወችው ወዲህ ነው ፊቷ ሰው የመሰለው። ግን መጠጥ የለመደ ሰው ይተዋል? ያልጠረጠረ ተመነጠረ! አፊፋ ጥርጣሬዋን ለአንዱ በጆሮው ሹክ አለች፤ አንዱ ለሌላው አቀበለ፤ ቤቱ ሁሉ የእሱባለውን ኮት ሲሰልል ይውል ጀመር። አንድ ቀን ሐጂም፣ «አፊፋ፣ ከዚህ ቤት የሚወጣ ሰው ሳቁ በዛሳ?» አሏት።

በማግስቱ እሱባለው ቀደም ብሎ መጣ። ቤቱ ገና ጭር እንዳለ ነው። ሃይላንዷን ከኮቱ አውጥቶ ክዳኗን ሲያላላ አፊፋ ከኋላው መጥታ መነጨቀችው።

«ማሎ፣ ምነው እሱባለው! ቤቴን ልታዘጋ ነው? ልጆቼን በምን ላሳድግ?»

«ምን አደረግኩ፣ እትዬ አፊፋ?»

«ምን አደረግኩ ይለኛል ደግሞ!»

ክዳኗን ከፍታ አሸተተች። ምንም የለም። መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ እንደገና አሸተተች። ዝገት ዝገት የሚል የቧንቧ ውሃ ነው። አፈረች፤ እፍረቱ ደግሞ ወዲያው ንዴት ሆነ።

«ውሃ? እኔ ቤት ውሃ ይዘህ ትገባለህ? ብርዜ ቆሻሻ ነው? ወይስ የሙስሊም እጅ ተጸይፈህ ነው?»

«ኧረ በማርያም! ሽሮዎን ሙልጭ አድርጌ እየበላሁ?» እሱባለው ወደ በሩ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እትዬ፣ እኔ ምዬ የተውኩ ሰው ነኝ። ብርዝዎን መጠጣት አልችልም። ብርዝዎ ጠጅ ሆኗል።»

አፊፋ ሳቋ መጣ። «ማል ጄታ? ምን ትላለህ አንተ ሰውዬ? ገሾ የት አለበትና!»

«ገሾ ባይገባበትም ማርና ውሃ ከሰነበተ ራሱን በራሱ ይጠመቃል። በርሜሉን መቼ አጠቡት? ከሥር የሚቀረው አሮጌው ነው አዲሱን የሚያስነሳው። ያን ሰሞን ብርዙ ጠንከር ብሏል ብልዎት እኮ አመሰገንኩ መስሎዎት መረቁኝ።»

«ታዲያ በግልጽ አትነግረኝም? ለሱፊያን ትሰጠዋለህ እንጂ!»

«እሱ ላይ ጥፋቴ ነው፣ አልክድም። ግን ምን ብዬ ልንገርዎት? ለሙስሊም እናት ጠጅ እያጠጡ ነው ልበል? ያውም እኔ! ማን ያምነኛል?»

አፊፋ ጓዳ ሮጠች። የበርሜሉን ክዳን ስታነሳ አረፋው ይፍለቀለቃል። ይህንን አረፋ ስንት ጊዜ አይታ ማሩ ንጹህ ቢሆን ነው ብላለች! ትቅመሰው? ብትቀምሰውስ በምን ታውቀዋለች? በዕድሜዋ ጠጅ በምላሷ አልዞረም። የሚያውቀው ሰውዬ ደግሞ ላይቀምስ ምሏል። «አስተግፊሩላህ» አለች፤ ክዳኑን መልሳ ደፋችበት።

«አፊፋ!»

የሐጂ ጅብሪል ድምፅ ነው። ሶላት አልቆ ደንበኛው ተከታትሎ ገብቷል። ሱፊያን እንደ ልማዱ ጆጉን ራሱ አንስቶ እየቀዳ ነው። ሐጂ ቦታቸው ላይ ተቀምጠው፣ «ብርዜን አምጪልኝ እንጂ፣ ውሃ ጥም ገደለኝ» አሉ። አለቀ ብትል ምን ነበረበት? አላለችም። እጇ የለመደውን ቀዳ። ፊታቸው አስቀመጠችላቸው። ሐጂም ቢስሚላህ ብለው ግማሹን ጠጡት። እያወቀች ነው እንግዲህ!

ሱፊያን ወሬ ሊነግራቸው ወደ ሐጂ ጎንበስ አለ፤ ሳቅ አፈነውና ፊታቸው ላይ ተነፈሰ። ሐጂ ወደ ኋላ ሸሹ።

«ይህ ልጅ ጠጥቷል!» ብርጭቆውን በእጃቸው እንደያዙ ብድግ አሉ። «እዚህ ቤት መጠጥ ያስገባው ማነው?»

ዓይን ሁሉ እሱባለው ኮት ላይ አረፈ። ያንን ዓይን ደግሞ ያስለመደችው ማን ሆነና! እሱባለው ቀና ብሎ አፊፋን አያት። ፊቷ አመድ መስሏል።

«እኔ ነኝ፣ ሐጂ» አለ። «እትዬ አፊፋ አያውቁም። ተደብቄ ነው ያስገባሁት።»

«ውጣልኝ! ሁለተኛ እግርህ ይህን ደጅ እንዳይረግጥ!»

እሱባለው ኮቱን ሰብስቦ ወጣ። አፊፋ ተነፈሰች። እፎይ አለች እንጂ፣ ምን ይደበቃል? ቤቷ ተረፈላታ! ሱፊያን ግን መቼ ዝም ያውቅና፤ ከኋላው ወጥቶ፣ «መቅደላዊት! ባልሽ ጠጥቶ ተባረረ!» ብሎ ለሰፈሩ ለፈፈው።

መቅደላዊት ከሽንኩርቷ አጠገብ ተነሣች። አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም። ባሏን ዝም ብላ አየችውና ወገቧ እንደተቆረጠ ሁሉ ድንጋይዋ ላይ ተመልሳ ተቀመጠች፤ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። እሱባለው መንገድ መሃል ቆሟል፤ አልጠጣሁም አላላትም። ለእሷም ሊዋሽ ነው!

አፊፋ ይህን ሁሉ ከበሩ ላይ ሆና አየች። እሷም ባሏ የሞተ ዕለት እንዲህ ነው የተቀመጠችው።

«መቅደላዊት!» ብላ ጮኸች፣ ሻሿ ወድቆ። «አልጠጣም! ባልሽ ጠብታ አልቀመሰም! የጠጣነው እኛ ነን! ያጠጣሁት እኔ ነኝ! ጠጅ የሆነው የእኔ ብርዝ ነው!»

ሱፊያን እንኳ ሳቁን ዋጠ።

«አፊፋ» አሉ ሐጂ ከኋላዋ፤ ድምፃቸው ዝግ ያለ ነው። «አሁን ስትቀጂልኝ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር፣ ሐጂ።»

ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጡት ሰማች።

«ሳያውቁ የጠጡትን አላህ ይምራል» አሉ። «የእኔና የአንቺ ቃል ግን ምን ነበር?»

«እለቃለሁ፣ ሐጂ» አለች። ዞር ግን አላለችም፤ ዓይኗ መንገዱ ላይ ነው። መቅደላዊት ተነሥታ ባሏን በኮሌታው ጎተተችው፤ በሰው ሁሉ ፊት አፉን አሸተተች፤ አላመነችምና እንደገና አሸተተች። ከዚያ ደረቱን በቡጢ እየደበደበች ታለቅስ ጀመር።