ከድግሱ የቀሩት

ኑኑ የስድስት ዓመት የሰው ቤት ልፋቷን ለባሮክ ልትሰጥ ነው ሲባል ጓደኛዋ ፋናዬ ጭንቅላቷን ያዘች። ወይ ጉድ! ኑኑ እኮ ለአንድ ድርሃም ብላ በሻርጃ ፀሐይ በእግሯ የምትሄድ ሴት ናት።

ባሮክ ከዱባይ፣ ከዴራ ገበያ ልብስ እየገዛ አዲስ አበባ የሚልክ ነጋዴ ነው። አንዷ ሴት በአንድ ካርጎ፣ በአንድ ጭነት ብሯን ታስገባለች፤ ሲሸጥ ትርፉም ኪሳራውም የእሷ ነው። ያተረፈች እሁድ ሻርጃ አል ተዓውን ሰፈር፣ ኑኑ ቢድ ስፔስ፣ አንድ አልጋ የተከራየችበት ቤት ሳሎን ውስጥ ትደግሳለች። እልልታው ጎረቤት ያስወጣል። ኑኑ አራት ድግስ በልታለች፤ አራቱም ደጋሾች ከመቶ ሠላሳ አትርፈዋል።

"ሠላሳ እኮ ነው ፋንዬ! ዋላሂ ይሄን የሚሰጥ ባንክ የለም። ሁሉንም አስገብቼ ኸላስ፣ አገሬ ገብቼ ፀጉር ቤቴን እከፍታለሁ።"

"ከሱ ጋር የሠሩት አራት ብቻ ናቸው?"

"እኔ ምን አውቄ! የማያቸው እነሱን ነው።"

ነገሩ ፋናዬን ከነከናት። በዱባይ ሜትሮ ስትሄድ በስልኳ የኢንቨስትመንት ትምህርት ትከታተላለች፤ አስተማሪው ደጋግሞ የሚለው፣ አማካይ ሲሰላ የከሰረውም ይደመራል ነው። የከሰረች ደግሞ ድግስ ትደግሳለች እንዴ? እኛ እንደሆንን ስናገኝ አገር ይስማልን፣ ስናጣ በር ዘግተን ነው!

ሳምንቱን ሙሉ የአሠሪዋን የማዳምን ልብስ እየተኮሰች፣ ድሮ አብረው ሲበሉ ኖረው ከድግሱ ለቀሩት ሴቶች ስትደውል ሰነበተች። "ሹግል፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው" አሉ ሁሉም። አል ጁርፍ ሰፈር የምትሠራው አሰለፈች ግን ስልኩ ላይ አለቀሰች። ግማሽ ገንዘቧ ቀልጧል። "የአሰለፈችም እንዲህ ሆነ" ሲባሉ ሌሎቹም አፍ አወጡ። ስድስት ሴቶች፤ ስድስቱም ግማሽ ገንዘባቸውን አጥተዋል። ፋናዬ "እሁድ ኑልኝ" አለቻቸው።

እሁድ ኑኑ ሳሎኑ ውስጥ የገንዘቧን ፖስታ ባሮክ ፊት አኖረች። ፋናዬ ተነሳች።

"ባሮክ፣ ስንት ሴት አብራህ ሠርታለች?"

"ብዙ ናቸው እህቴ።"

"እኔ ያገኘኋቸው አሥር ናቸው። እያንዳንዷ መቶ አስገባች እንበል። አራቱ ሠላሳ ሠላሳ አተረፉ፤ መቶ ሃያ። ስድስቱ ሃምሳ ሃምሳ ከሰሩ፤ ሦስት መቶ። የጎደለውን መቶ ሰማንያ ለአሥር አካፍለው። ከመቶው አሥራ ስምንት ይጎድላል! ትርፉ የታለ?"

"ንግድ ነው፤ ይከሰራል። እኔ አልዋሸሁም።"

"አልዋሸህም። የከሰሩትን ግን መች ነገርካት?"

"ቆይ፣ የከሰሩት የታሉ?" አለች ኑኑ ተቆጥታ። "አንድም አላየሁ!"

በሩ ተንኳኳ። ፋናዬ ስትከፍት ስድስቱም ተከታትለው ገቡ፤ ፊተኛዋ አሰለፈች ናት። ባሮክ ሲያያቸው አንገቱን ደፋ። ኑኑ እያንዳንዷን ከእግር እስከ ራስ አየቻቸው፤ ሁሉንም ታውቃቸዋለች፣ ሁሉም አብረዋት በልተው ያውቃሉ።

"ዓመት ሙሉ እኔ ብቻ መስሎኝ!" አለች አሰለፈች። "ዕድሌ ጠማማ ነው ብዬ ሰው መሸሼ! ይኸው ስድስት ነን!" እንባዋ እየወረደ ከት ብላ ሳቀች፤ ሌሎቹም ተቃቅፈው ሳቁ። ፋናዬ በሕይወቷ እንደዚያ ቀን ኮርታ አታውቅም።

ኑኑ ፖስታውን አንስታ ጡቷ ሥር ወሸቀችው።

"ያላ ባሮክ!" አለች በሩን እያሳየችው። "ብሬን ከፈለግህ አሥሩንም ሴቶች ፊቴ አስቀምጠህ ትርፍና ኪሳራውን ታስረዳኛለህ። እስከዚያው ፀጉር ቤቴ እዚሁ ደረቴ ላይ ነው ያለው!"