ለአሮጌ ሌንስ የሚሆን ጥላ

«ግማሿን ሙሽራ በላብኝ!» አለች ዙሀይራ ካሜራውን ከዓይኗ ሳታወርድ።

«የታለች ሙሽራዋ?» አሉ ጋሽ ወልደአማኑኤል ከባንኮኒው ማዶ ሻያቸውን እያማሰሉ።

«ነገ ትቆማለቻ! አሁን እርስዎን በሷ ቦታ አድርጌ እያየሁ ነው። ራስዎ አለ፣ ትከሻዎ አለ፤ ከታች በቀኝ በኩል ግን ጥቁር ነው። ቀሚሷ የት ሊገባ ነው?»

ጎባ ውስጥ የድሮ ካሜራ ዕቃ የሚገኘው እሳቸው ሱቅ ብቻ ነው፤ ይህን ስለሚያውቁ ነው እንዲህ የሚኮሩት። ባንኮኒው ላይ ሦስት የሌንስ ጥላ ደርድረውላታል። ፀሐይ በጎን ገብታ ፎቶውን እንዳታነጣው ሌንሱ አፍ ላይ የሚገጠም ክብ ነገር ነው። አንዱ ላስቲክ ነው፣ ተሰነጣጥቋል። ሁለተኛው ረጅም ብረት ነው። ሦስተኛው አጭር ሆኖ ጎኑ መስኮት መስኮት ተደርጎ ተቆርጧል። ሰውየው ረጅሙን ካሜራዋ ላይ ገጥመው፣ እሱን ካልወሰድሽ ብለው ድርቅ ብለዋል።

«ጥላ ማለት ሲረዝም ነው ልጄ። ሠላሳ ዓመት ፎቶ አንስቻለሁ።»

«በሌንሱ ውስጥ በሚያሳይ ካሜራ ነዋ! የኔ ግን የሩሲያ ነው። የማየው ጥግ ላይ ባለችው በዚች መስኮት ነው። ረጅም ነገር ፊቷ ከተገተረባት በምን ልይ? ያ የተቆራረጠው ይሻለኛል፤ በክፍተቱ አሻግሬ አያለሁ።»

ጋሽ ወልደአማኑኤል አጭሩን አንስተው መዳፋቸው ውስጥ ከተቱት።

«ይሄን በብር አልሸጠውም፤ በነፃ ውሰጂው» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «የነገዋን ሙሽራ አንድ ነጌቲቭ ብቻ አምጪልኝ። አሳድጌ የሱቁ መስታወት ላይ እሰቅላታለሁ። የሴቶቹን ግቢ ፎቶ ካንቺ በቀር ማን አለው?»

ዙሀይራ ደሟ ፈላ። ሰውየው የጠየቋት ቀላል ነገር አይምሰላችሁ። እሷ በምትኖርበት ሮቤ አንዳንድ ቤት በሠርግ ቀን የሴቶቹ ግቢ በር ላይ ስልክ ይለቀማል። ፀጉሯን የገለጠች ልጇ በማግስቱ ቲክቶክ ላይ እንድትውል የምትፈልግ እናት የታለች? ዙሀይራን የሚጠሯት ለዚህ ነው። በአባቷ ካሜራ በፊልም ታነሳለች፣ ቤቷ ራሷ ታጥባለች፣ ፎቶውንም ነጌቲቩንም ለሙሽራዋ እጅ በእጅ ታስረክባለች። እሷ ዘንድ አንዲት ቁራጭ አትቀርም። የምትኖረው በዚህ ቃል ነው።

ባለፈው እሁድ ግን ጉድ ሆነች። በጫሊ ሠርግ የከሰዓት ፀሐይ በጎን ገብታ ሠላሳ ስድስቱም ፎቶ እርጎ መሰለ። የጫሊ እናት አዴ ሙሉካ ፎቶዎቹን ጭኗ ላይ ወርውረው «ልጄ ሁለቴ አታገባም!» ብለዋታል፣ ያውም ሰው ፊት። ነገ የምትዳረው ደግሞ የእህታቸው ልጅ ሱሀይላ ናት። የሷም ከተበላሸ ዙሀይራን ሁለተኛ የሚጠራት የለም።

«አልፈልግም» አለች።

«ማን ያውቃል? አንዲት ቁራጭ ናት እኮ!»

«እኔ አውቃለሁ። ወላሂ ጋሼ፣ በወርቅ ቢለብጡትም አልወስደውም!» ካሜራዋን አንገቷ ላይ አጠለቀች።

«እና ከየት ልታመጪ ነው?»

«ከቆርቆሮ!»

አስባበት አልነበረም፤ ከአፏ አመለጣት። የሮቤ ሚኒባስ ውስጥ ከተቀመጠች በኋላ ግን፣ ለምን አይሆንም አለች።

ከሚኒባሱ ወርዳ በቀጥታ ገበያው ጥግ ባልዲና ማንቆርቆሪያ ወደሚሠራው ዲማ ሄደች።

«አካም ኦልቴ ዲማ? ለዚህ ሌንስ ቆብ ሥራልኝ።»

«ካሜራም ቆብ ጀመረ እንዴ!» ብሎ ሳቀ፤ እጁ ግን ቀድሞ የቲማቲም ድልህ ጣሳ አንስቷል።

የመጀመሪያው ሰፋ። ሁለተኛው ጠበበ። ሦስተኛው የሌንሱን አፍ ልክክ ብሎ ያዘ። ዙሀይራ በትንሿ መስኮት እያየች እይታዋን የከለለውን ጥግ በምስማር ጫረችበት።

«ይቺን ቁረጥልኝ።»

«ቀዳዳ ካበጀሁለት ፀሐይ አይገባም?»

«ክፍተቱ በግራ ነው። እኔ ፀሐይዋን በቀኜ አደርጋታለሁ።»

ውስጡ እንዳያብረቀርቅ የትምህርት ቤት ሰሌዳ የሚቀባበትን ጥቁር ቀለም ገዝታ ቀባችው። ሲደርቅ ዲማን በሱቁ በር አቁማ ሦስት ጊዜ አነሳችው፤ ልክ እንደ ጫሊ፣ በከሰዓት ፀሐይ። ቤቷ ገብታ ፊልሙን አጠበችው። ፊልሙ ላይ የሸሚዙ ቁልፎች አንድ በአንድ ይቆጠሩ ነበር። ብቻዋን «አልሐምዱሊላህ!» ብላ ጮኸች።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ የሴቶቹ ግቢ ስትገባ ስልኮቹ በሩ ላይ ዘንቢል ውስጥ ተከምረዋል። ጣሳውን መጀመሪያ ያዩት አዴ ሙሉካ ናቸው።

«ይሄ ደግሞ ምንድነው? የድልህ ጣሳ ይዘሽ መጣሽ?»

ሴቶቹ ሳቁ። ዙሀይራ አፈረች፤ ፊቷ ጋለ። ቢሆንም ካሜራውን በነጠላዋ አልሸፈነችውም።

«አዎ አዴ፣ የድልህ ጣሳ ነው። ራሴ ነኝ ያሠራሁት።»

ሱሀይላን ደጃፉ ላይ አቆመቻትና ፀሐይዋን በቀኟ አድርጋ ዞረች።

«ዺሲ! ሱሀይላ፣ ተዪ፣ ወደ ጥላው ግቢ!» ብለው ጮኹ አዴ ሙሉካ። «የኔን ልጅ እንዲህ ፀሐይ ላይ ገትራ ነው ያበላሸቻት!»

ሙሽራዋ አንድ እግሯን አነሳችና ዙሀይራን አየቻት።

«እዚያው ቁሚ» አለች ዙሀይራ። «እሳቸው ይቆጡ፤ ቢቆጡ እውነት አላቸው። አንቺ ግን አትነቃነቂ።»

ሱሀይላ እግሯን መለሰች። ዙሀይራ አነሳች፤ ደግማ አነሳች። በጎን፣ በፊት ለፊት፣ ከእናቷ ጋር፣ ከጓደኞቿ ጋር አነሳቻት። አራት ፎቶ ሲቀራት ካሜራውን አወረደችና ወደ አዴ ሙሉካ ዞረች። ሴትየዋ እጃቸውን እንዳጣመሩ ናቸው።

«አዴ፣ ጫሊ ለሠርጉ መጥታ ማዶ እናንተ ቤት ናት አይደል? የሠርግ ልብሷን ለብሳ ትምጣ። የቀሩት የሷ ናቸው።»

አዴ ሙሉካ ያጣመሩትን እጃቸውን ፈቱ።

«ጥላው ሥር ከሆነ ልጥራት» አሉ።

«የለም» አለች ዙሀይራ፤ ሱሀይላ የቆመችበትን ቦታ እያሳየቻቸው። «እዚሁ ፀሐዩ ላይ።»