ትልቅ ሰው ስለ ዋና አይጠየቅም

ባቱሊ እጇን የዘረጋችው ሴትዮዋን ደግፋ ወደ ጀልባው ልታስገባት ነበር። ሴትዮዋ የተዘረጋውን እጅ አየችና ነጠላ ጫማዎቿን አውልቃ አኖረችበት።

«ውኃ እንዳይነካቸው።»

ባቱሊ ጫማዎቹን ወደ ግራ እጇ አዛወረችና ቀኝዋን እንደገና ዘረጋች። አሁን ደግሞ ቦርሳ ተቀበለች። ነገሩ ለሴትዮዋ የገባት ሦስተኛ ስትዘረጋ ነው፤ ገብቷትም ይቅርታ አላለች፤ የልጅቷን ክንድ እንደ ደረጃ መደገፊያ ጨብጣ ገባች። ስሟ ዶርካስ ነው።

ከኋላዋ ባሏ መጣ። ኪሪሚ ይባላል፤ ናይሮቢ ውስጥ ፎቅ እየሠራ የሚሸጥ፣ ሆዱ ከእሱ ቀድሞ የሚደርስ ሰው ነው። በሺሞኒ ወደብ ደረጃ ላይ ቆሞ ጀልባዋን ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ፣ የማይገዛትን በግ እንደሚያይ ሰው ተመለከታት።

«አስጎብኚው የታለ?»

«እሷ ናት» አለ ካፒቴን ማሱዲ ከመሪው ኋላ። «የእህቴ ልጅ ባቱሊ። እንዴት አደራችሁ? ቤተሰብ ደኅና? መንገዱስ እንዴት ነበር?»

«እሷ?» አለ ኪሪሚ። ከሰላምታው አንዱንም አልመለሰም።

ማሱዲና ባቱሊ በሚኖሩባት በዋሲኒ ደሴት ሰላምታ መዝለል የሚፈቀድለት ቤቱ እየተቃጠለበት ያለ ሰው ብቻ ነው። ማሱዲ የሰውየውን ፊት ትንሽ አየና፣ የሚቃጠል ነገር አለመኖሩን ሲያረጋግጥ ወደ ሞተሩ ዞረ። ባቱሊ ግን ነገሩን ልቧ ውስጥ አስቀመጠችው። ዝምተኛ ናት፤ ዝምተኛ ሰው ደግሞ የሚያስቀምጥበት ቦታ አያጣም።

ቀኑ ረቡዕ ነበር። አርብ፣ ከጁምዓ ስግደት በኋላ፣ የጀልባ ባለቤቶች ማኅበር ይሰበሰባል፤ ባቱሊ የአስጎብኚነት መታወቂያ ይሰጣት አይሰጣት የሚለው እዚያ ይወሰናል። ዩኒቨርሲቲ ገብታ ስለ ባሕር እንስሳት አራት ዓመት ተምራለች። ሞምባሳ ሄዳ የነፍስ አድን ሥልጠና ወስዳለች። ሁለት ዓመት ሙሉ ግን በአጎቷ ጀልባ ላይ የእንግዶችን የውኃ መነጽር ስታጥብ ነው የከረመችው። ከማኅበሩ ሽማግሌዎች ሦስቱ «ሴት ልጅ ሰው ይዛ ባሕር ልትገባ? እኛ ሞተን ነው?» ብለዋል። የሚያስፈልጋት የአንድ ካፒቴን ቃል ነው። ማሱዲም በዚያ ጠዋት «ዛሬ እኔ መሪውን ብቻ ነው የምይዘው፤ እንግዶቹ ያንቺ ናቸው። ቀኑ በሰላም ካለፈ አርብ ተነሥቼ እመሰክርልሻለሁ» ብሏት ነበር።

«ጃኬቱን ይልበሱ፣ ጌታዬ» አለች፣ ብርቱካንማውን የሕይወት ማዳኛ ጃኬት ለኪሪሚ ዘርግታ።

ኪሪሚ በሁለት ጣቱ ተቀብሎ አሸተተው። «ስንት ሰው ነው ያላበበት?» ወንበሩ ላይ ወረወረው። «ጀልባ ለብቻዬ የተከራየሁት ለምን ይመስልሻል? የአርባ ሰው ላብ እንዳልካፈል ነው።»

ዶርካስ የራሷን ጃኬት ለብሳ ጠበቅ አድርጋ አሰረች።

ጀልባዋ ከወደቡ ወጥታ ስትፈጥን ኪሪሚ በአንድ እጁ ስልኩን ይዞ ስለ ባሕር ማውራት ጀመረ። ስለ ባሕር የማያውቀው ነገር አልነበረም። ዱባይ አይቶታል፤ የዚያኛው ይበልጥ ሰማያዊ ነው።

«ዶልፊኖቹ በስንት ሰዓት ነው የሚመጡት?»

«ቀጠሮ የላቸውም» አለ ማሱዲ።

«እንዴት የላቸውም? ወረቀታችሁ ላይ ዶልፊን ይላል።»

«ወረቀቱን እነሱ አላነበቡትም።»

ዶርካስ ሳቀች። ዶልፊኖቹ ግን ሳይጠሩ መጡ፤ ሦስት ነበሩ፣ አንዷ ግልገሏን አስከትላለች። ኪሪሚ አያቸውና «ትናንሾች ናቸው» አለ።

ወዲያው አርባ ሰው የጫነ ባለ ሸራ ጀልባ በአጠገባቸው አለፈ። ካፒቴኑ አቱማኒ የማሱዲ አብሮ አደግ ነው። የናይሮቢ ሰው በማይሰማው የደሴቲቱ አነጋገር ጮኸ፦

«ማሱዲ! ዛሬ ሚኒስትር ነው የጫንከው?»

«ሚኒስትርማ ለምርጫ ሲልም ቢሆን ሰላም ይላል!»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«ሲሚንቶ ነው! እርጥበት እንዳይነካው እየተጠነቀቅን ነው!»

ባቱሊ ፊቷን ወደ ባሕሩ አዙራ ሳቀች።

«ምን አለ?» አላት ኪሪሚ።

«እንግዶችህን ሰላም በልልኝ ነው ያለው።»

ይህን ለመመለስ ወደ እሱ ስትዞር ነው እጁን ያየችው። ስልክ ያልያዘው እጁ የጀልባዋን ብረት ጣቶቹ ደም እስኪያጡ ድረስ ጨብጧል። ጀልባዋ ማዕበል ላይ በወጣች ቁጥር ወሬው መሃል ላይ ይቆረጣል፤ ዓይኑ ከጀልባዋ ወለል አልፎ አይሄድም። ባሕር ዳር ያደገ ሰው ይህን ለማወቅ ትምህርት አያስፈልገውም። ሰውየው ዋና አይችልም።

ሞምባሳ ሥልጠና ላይ የመጀመሪያው ቀን የመጀመሪያው ትምህርት እንግዳን «ዋና ይችላሉ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነበር። ዋሲኒ ላይ ግን ይህ አይጠየቅም። እዚያ ልጅ ሳይራመድ ይንሳፈፋል፤ ትልቁን ሰው ዋና ትችላለህ ወይ ማለት ሱሪህን የምትታጠቀው ራስህ ነህ ወይ እንደ ማለት ነው። በዚች ጥያቄ የተነሣ የፈረሰ ሠርግ አለ። ማሱዲ በሠላሳ ዓመት የካፒቴንነት ዘመኑ አንድም እንግዳ ጠይቆ አያውቅም፤ ለሁሉም ጃኬት ያለብሳል፣ ጥልቅ ቦታ አይወስድም፣ የማንንም ፊት ሳያቀላ ቀኑ ያልፋል።

ባቱሊ ግን ተምራለች። ጥያቄው ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ይህኔ ኪሪሚ ብርቱካን ልጦ ጨረሰና «እንኪ» ብሎ ልጣጩን መዳፏ ላይ አኖረው።

ጥያቄውን ዋጠችው።

እንግዶች ዓሣ ሊያዩ የሚዋኙበት ኪሲቴ ሲደርሱ ባሕሩ ጎድሎ የአሸዋው ጀርባ ብቅ ብሎ ነበር። በውስጥ በኩል ውኃው ከወገብ አያልፍም። በውጭ በኩል የባሕሩ ዓለት፣ ኮራሉ፣ እንደ ግድግዳ ይቆረጥና ሰማያዊው ይጀምራል፤ ባሕሩ መሙላት ሲጀምር ደግሞ እዚያ ውኃው ይጎትታል።

«ውስጡ ይሻላል» አለች። «ዓሣው ብዙ ነው፤ እግርም ይቆማል።»

ኪሪሚ ወደ ውስጠኛው አየ። የአቱማኒ አርባ ሰዎች ከነልጆቻቸው እየጮኹ ይንቦጫረቃሉ።

«ከነዚህ ጋር? ልብስ ማጠቢያ ገንዳ ውስጥ?» ጣቱን ወደ ሰማያዊው ቀሰረ። «እኔ የመጣሁት ለዚያ ነው።»

ባቱሊ ወደ አጎቷ ዞረች። ማሱዲ ቀኑ ያንቺ ነው የሚል ፊት አሳያት፤ ዓይኑ ግን ወንበሩ ላይ ወደ ተጣለው ጃኬት ሄዶ ተመለሰ። አይሆንም ማለት ትችል ነበር። አንድ ቃል ነው።

«እሺ» አለች። ቀጥላም «ጃኬቱስ?» አለች፣ እምቢ እንዲላት በሚሻ ድምፅ።

«ለሕፃን ስጪው።»

ከናይሮቢ ያመጣው መነጽር ፊቱን ሙሉ የሚሸፍን አዲስ ነገር ነበር፤ የዋጋው ወረቀት እንኳ ገና አልተላጠለትም። «ጉም እንዳይዝ ውስጡን ምራቅ ይቀቡታል» ብትለው «ምራቁን እናንተ ተቀቡ» አላት።

ትንሽ ጨው ይቅመስ፣ አለች በልቧ።

ኪሪሚ ከጀልባዋ ጠርዝ ላይ እንደተገፋ ጆንያ ወደቀ። ለጥቂት ጊዜ ዐረፋ ብቻ ነበር። ከዚያ ራሱ ብቅ አለ፤ መነጽሩ እስከ ግማሹ ውኃ ይዟል፤ በመስታወቱ ውስጥ ዓይኖቹ ፈጠው ይታያሉ። እጆቹ ባሕሩን ይደበድባሉ። አልጮኸም። የሚሰምጥ ሰው አይጮኽም፤ ይህንንም ባቱሊ ታውቃለች።

አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ቆማ አየችው። እስከ ሦስት በቆጠረችበት ጊዜ ውስጥ የተሰማት ነገር ደስታ ነበር፤ በኋላ ሌላ ስም ልትሰጠው ሞክራ አልሆነላትም።

ከዚያ ዘለለች። ስትደርስለት አንገቷን አንቆ ትከሻዋ ላይ ወጣ። አብራው ወደ ታች ሰመጠች፤ የሚሰምጥ ሰው ወደ ታች የሚወስደውን ነገር ይለቃል። ሲለቃት በጀርባው በኩል ወጥታ አገጩን ያዘች፣ መነጽሩን ከፊቱ ላይ ገነጠለች። ውኃው ሁለቱንም ከኮራሉ እያራቀ ነበር። ማሱዲ ገመድ ያለበትን የነፍስ አድን ቀለበት ወረወረ፤ ሳተ፤ ሰብስቦ እንደገና ወረወረ። ጎትቶ አወጣቸው።

ኪሪሚ ወለሉ ላይ ተንበርክኮ ባሕሩንም ቁርሱንም መለሰ። መናገር ሲችል የመጀመሪያ ቃሉ «መነጽሩ ብልሹ ነው» የሚል ነበር። ሁለተኛው «ይቺ ልጅ ወደ ታች ጎተተችኝ።»

«ኧረ ዝም በል» አለች ዶርካስ። ስልኳን ከመጀመሪያው ጀምራ ደቅና ስትቀርጽ ነበር፤ አሁንም አላወረደችውም። ወደ ባቱሊ ጠጋ ብላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አሥራ አንድ ዓመት አብሬው ስኖር የሆቴል ገንዳ ውስጥ እንኳ ከደረጃው አልፎ አያውቅም። ሲገባ ልየው ብዬ ነው ዝም ያልኩት። አንቺም አውቀሽ ነበር፣ አይደል? አይቼሻለሁ።» ከዚያ ጠቀሰቻት፤ እንደ አብሮ አደግ፣ እንደ እህት።

ከቀኑ ንቀት ሁሉ ባቱሊን የጎመዘዛት ይህ ጥቅሻ ነው። ጫማ አስያዙኝ፣ ልጣጭ አስያዙኝ ብትል የሰማ ሁሉ ይፈርድላታል። ይህን ግን ለማን ትነግረዋለች? ፎጣ አንሥታ ለኪሪሚ አለበሰችው። ቀና ስትል ማሱዲ ከመሪው ኋላ እያያት ነበር። ሰምቷል።

ምሳ ዋሲኒ ላይ ተበላ። ኪሪሚ ሸርጣኑን በመዶሻ እየፈለጠ በኮኮናት ከተቀቀለ ሩዝ ጋር ሁለት ሳህን ጨረሰ። ቀለሙም ተመለሰ፣ ድምፁም ተመለሰ። ለጎረቤት ጠረጴዛ ሲያወራ ማዕበሉ የሁለት ፎቅ ቁመት ነበረው።

«አስጎብኚዋ ደነገጠች» ይላል፣ ጣቱን እየላሰ። «ልጅ ናት፣ ምን ታድርግ። እኔ ነኝ ያረጋጋኋት።»

ዶርካስ ስልኳን እያየች ብቻዋን ትስቃለች።

ማሱዲ ከሰዓት በኋላ እንግዶቹን ሺሞኒ አድርሶ ሲመለስ ባቱሊ ውኃው ዳር ተቀምጣ ጠበቀችው። አንገቷ ላይ የኪሪሚ ጥፍር ሠንበር አውጥቷል። ማሱዲ ገመዱን አሰረ፣ አጠገቧ ተቀመጠ፣ ሠንበሩን አየና ዓይኑን ወደ ባሕሩ መለሰ።

«አውቀሽ ነበር?»

አላወቅሁም ብትል ያምናት ነበር፤ ማመን ይፈልግ ነበርና። አርብ ተነሥቶ ሰው ያዳነች ልጅ ናት ይላል፣ እውነትም አድናለች፤ ሦስቱ ሽማግሌዎች የሚመልሱት አይኖራቸውም።

«አውቄ ነበር፣ አጎቴ።»

«ከመቼ?»

«ከዶልፊኖቹ ጀምሮ።»

«እና ለምን አልጠየቅሽውም?»

«አንተስ ለምን አልጠየቅኸውም?»

ማሱዲ አልተቆጣም። አሸዋ በእጁ ዘግኖ መልሶ አፈሰሰው። «እኔ ያልጠየቅሁት እንዳያፍር ነው፣ ልጄ። እሱ እኔን አላከበረኝም፤ ግን እሱ አላከበረኝም ብዬ የአባቴን ጠባይ አልጥልም። ይኸው፣ የእኔ ጨዋነት ሰው ሊገድል ነበር፤ ለዚያ እኔ እጠየቃለሁ። አንቺስ?»

ባቱሊ አንገቷ ላይ ያለውን ሠንበር ዳሰሰች።

«እንዲያፍር» አለች።

ማሱዲ ራሱን ነቀነቀ። ጉልበቱን ተደግፎ ተነሣና ወደ መስጊዱ ሄደ።

አርብ ከስግደት በኋላ ማኅበሩ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ተሰበሰበ። ባቱሊ ከውጭ መስኮቱ ሥር ቆማ ነበር። ማሱዲ መጀመሪያ ስለ ራሱ ተናገረ፤ እንግዳው ዋና መቻል አለመቻሉን ሳይጠይቅ ጥልቅ ውኃ ላይ እንዳደረሰው፣ ከዚህ በኋላ ያለ ጃኬት ማንንም እንደማይጭንና ሁሉንም እንደሚጠይቅ። አቱማኒ «ትልቁን ሰው? ፊት ለፊት?» ቢለው «ፊት ለፊት» አለ። አዳራሹ አጉረመረመ። ሊቀመንበሩ ወረቀቱን ገልጦ «ስለ እህትህ ልጅስ የምትሰጠው ቃል አለህ?» ሲል ጠየቀው።

«ዘንድሮ የለኝም» አለ ማሱዲና ተቀመጠ።

ሊቀመንበሩ ስሟ ላይ መስመር አሰመረ፤ ስብሰባውም የወደቡን ደረጃ ማደስ ወደሚለው ጉዳይ አለፈ።