እስከ አፉ የተሞላው ሲኒ

ዙልሁሞር ከንጋት ጀምሮ ቁጭ አላለችም። ማርጊላን ከተማ ያለውን ቤቷን ለመንገደኞች ከፍታ እንግዳ ስትቀበል ዛሬ የመጀመሪያዋ ነው። አስጎብኚው ፋሩህ አራት ብራዚላውያን ይዞላት መጥቷል። ምሳው ካማረ ከእንግዲህ እንግዳውን ሁሉ ወደ እሷ ሊያመጣ፣ ካላማረ ግን ማዶ ወዳለው ምግብ ቤት ሊወስድ ቁርጡን ነግሯታል።

ባሏ ኤርጋሽ ግን ምን ገዶት! ፕሎቭ፣ ማለት ሩዙን ከሥጋና ከካሮት ጋር ማብሰል፣ የወንድ ሥራ ነው ብሎ ድስቱን ከያዘ ወዲህ እንደ ጄኔራል ይንጎራደዳል።

«ሩዙን እንዳትነኪብኝ!»

«ማን ነካብህ? ካሮቱን የከተፍኩት እኔ፣ ሥጋውን ያጠብኩት እኔ፣ እሳቱን ያነደድኩት እኔ። አንተ እኮ የከደንከው ክዳን ነው።»

«ዋናው ክዳኑ ነዋ!»

እውነቱን ለመናገር ፕሎቩ ጉድ ነበር። እንግዶቹ ከግቢው የወይን ሐረግ ጥላ ሥር ትሪውን ከበው ጣታቸውን እየላሱ በሉ። ጣጣው የመጣው በሻዩ ነው።

ዙልሁሞር እንደ ወጉ በየሲኒው ጠብ ጠብ አድርጋ ሰጠች። የተከበረ እንግዳ ደጋግሞ እንዲጠይቅና እንዲቆይ ጥቂት ነው የሚቀዳለት። እስከ አፉ የሚሞላለት «በል እንግዲህ፣ ደህና ግባ» የተባለ ሰው ነው። ይህን ብራዚል ድረስ ማን ይንገራቸው! ጢማሙ ሽማግሌ አኒባል በአንድ ጉንጭ ጨረሰና የሲኒውን ቂጥ አየ።

«ኦፓ» አላት ፋሩህ በጆሮዋ፣ ታላቅ እህቱን እንደሚጠራ፤ «ሙዪላቸው እንጂ! ቋጣሪ ናት ሊሉሽ ነው።»

«ሞቼ ነው እንግዳ የማባርረው! ወጉን ንገራቸዋ።»

«አሁን ወግ የማስረዳበት ሰዓት ነው?» ፊቱን አጠቆረና ወደ ማዶው ምግብ ቤት አማተረ። አየችው፤ ልቧ ስንጥቅ አለ።

ይሄኔ አኒባል ብድግ አለ። ሴትዮዋ ምሳው እስኪያልቅ ቆማ ስታስተናግድ አሳዝናው ኖሯል፤ በራዱን ከእጇ ወሰደና ለራሷ ሲኒ እስከ አፉ ሞልቶ በሁለት እጁ ሰጣት።

ፋሩህ ክው አለ። ኤርጋሽ ግን ሳቁን ሊይዘው አልቻለም።

«ይኸው! ከገዛ ቤትሽ ተባረርሽ! ጫማዋን አምጡላት!»

መጀመሪያ ተናደደች። ቀጥሎ የሽማግሌውን ፈገግታ አየችና ንዴቱ ጠፋባት። ሻዩን እፍ እፍ እያለች ጠጥታ ጨረሰች፣ ጫማዋን አጠለቀች፣ በሩን ከውጭ ዘግታ ሄደች።

ወዲያው ተንኳኳ።

«ማነው?» አለ ኤርጋሽ ግራ ገብቶት።

«የእግዜር እንግዳ!»

ገብታ በቀጥታ ከበሩ ራቅ ያለው የክብር ቦታ ላይ ተደላድላ ተቀመጠች። «መንገዱ አድክሞኛል። ኤርጋሽ፣ ሻይ የለም እንዴ?»

ፋሩህ ሳይወድ በግዱ ወጉን አስረዳቸው። አኒባል እስከ ጆሮው ቀልቶ ግንባሩን ያዘ፤ የቀሩት በሳቅ ፈረሱ። ከዚያ አኒባል ኤርጋሽ ሊቀዳ ያነሳውን በራድ ነጥቆ ሲኒዋ ውስጥ ጠብ አደረገና እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ዘረጋላት።

በትዳሯ ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ እዚያ ቦታ ላይ ለተቀመጠ ሁሉ ቀድታለች፤ ራሷ አንድም ቀን ተቀምጣበት አታውቅም። እንባዋ መጣ፣ ደስ አላት።

«ኦፓ፣ ሐሙስ ስምንት ሰው አመጣለሁ» አለ ፋሩህ።

«አምጣቸው። ክዳን የሚከድንም ሻይ የሚቀዳም ሰው አለኝ» አለችና ባዶ ሲኒዋን ወደ ኤርጋሽ ዘረጋች።