መቶ ሃያ በሰማንያ

ጣቶቼ ፈጣን ናቸው። ጉራ እንዳይመስላችሁ፤ ዛሬ ቆርጬ ብጥላቸው ደስ ይለኝ ነበር። ግን በሆስፒታላችን ካርድ ክፍል አሥራ ዘጠኝ ዓመት የተከበርኩት በእነሱ ነው። «ማሽኗ» ነው የሚሉኝ። ሌላው ሠራተኛ በቀን አርባ ካርድ ወደ ኮምፒውተር ሲገለብጥ እኔ ዘጠና አደርስ ነበር።

የወረቀት ካርዶቹ በሙሉ ኮምፒውተር ውስጥ ይግቡ የተባለ ጊዜ ሁለት ቀን አሠለጠኑን። አሠልጣኙ ድምፁ እንቅልፍ የሚያመጣ ሰው ነበር፤ አንድ ነገር ግን ደጋግሞ ነግሮናል። «የደም ግፊት የሚለውን ሳጥን ባዶ ትታችሁ ማለፍ አትችሉም። ነርሷ ካልለካች ‹አልተለካም› የሚለውን ተጫኑና ምክንያቱን ጻፉ።» ሰምቻለሁ። አልሰማሁም ብል ውሸት ነው።

ታዲያ የምርመራ ክፍሉ የግፊት መለኪያ ተበላሽቶ ለወራት ከረመ። ነርሷ ምን ታድርግ፣ ቦታውን ባዶ እየተወች ካርዱን ትልክልናለች። ለእያንዳንዱ ካርድ «አልተለካም» ብሎ፣ ሌላ ገጽ እስኪከፈት ጠብቆ፣ ምክንያት መጻፍ አንድ ደቂቃ ይበላል። አንድ ደቂቃ! ማሽኗ አንድ ደቂቃ ከየት ታምጣ? የጤነኛ ሰው ልክ ነው የሚባለውን መቶ ሃያ በሰማንያ እየመታሁ አለፍኩ። ማንን ይጎዳል ብዬ። የመጀመሪያው ቀን ትንሽ ከበደኝ፤ በሦስተኛው ቀን ጣቶቼ ሳላዛቸው ይመቱት ጀመር።

ከሁለት ዓመት በኋላ አንዲት ተመራማሪ መጣች። መነጽር ያደረገች ወጣት ሐኪም ናት፤ መራመድ አታውቅም፣ ትሮጣለች። የመጣችበት ጥናት ኮምፒውተሩ ውስጥ ካለው የሕመምተኞች መረጃ ግፊት ሊጥላቸው የሚችሉ ሰዎችን ሳይወድቁ ለይቶ፣ ስልክ ደውሎ ጠርቶ ማከም ነው። የእኛን መረጃ ከፍታ እንዳየች እየሮጠች ካርድ ክፍል ገባች።

«ይሄን ያስገባው ማነው? አንድ ባዶ ሳጥን የለም እኮ! የሌሎቹ ሆስፒታሎች መረጃ ወንፊት ነው!»

ሁሉም ወደ እኔ ጠቆሙ። በጠቅላላ ስብሰባ ላይ አስነሥታ አስጨበጨበችልኝ። እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ ጭብጨባዬን ተቀበልኩ። የምስጋና ወረቀትም ሰጡኝ፤ ከወንበሬ ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት።

አብራኝ የምትኖረው ታላቅ እህቴ ልብስ ሰፊ ናት። እናታችን በልጅነቴ ስታርፍ በዚያች የስፌት መኪናዋ ያሳደገችኝ እሷ ናት። አንድ ቀን ቤት ስገባ የተማሪዎች የደንብ ልብስ ከምራ እየሰፋች፣ ቀና ሳትል እንዲህ አለችኝ።

«አንቺ፣ ጎረቤታችንን መምህሩን ደውለው ጠሯቸው አይደል? መድኃኒት ጀምረዋል። እኔን የማይጠሩኝ ለምንድነው? ይሄ ራስ ምታት ማጅራቴን ጨምድዶ ይዞኛል።»

«ነገ አይልሻለሁ፣ እትዬ።»

በማግሥቱ መዝገቧን ከፈትኩ። አራት ጊዜ መጥታ ታክማለች፤ አራቱም ላይ መቶ ሃያ በሰማንያ። የወረቀት ካርዷን ከመደርደሪያው አወጣሁ። አራቱም ላይ ቦታው ባዶ ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ ወረቀቱ እውነቱን ይዞ ቁጭ ብሏል።

ያን ቀን ለተመራማሪዋ ብነግር፣ የእህቴን ብቻ ብዬ የማቆመው አይደለም፤ የሺዎቹ ጉድ ሊወጣ ነው። የምስጋና ወረቀቱን አየሁ። መዝገቡን ዘግቼ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። መለኪያው እንደሆነ ከተጠገነ ቆይቷል፤ ዝም ብዬ እንኳ እጇን ይዤ አምጥቼ ባስለካት ምን ነበረበት? የደንብ ልብሱን ትጨርስና በሚቀጥለው ሳምንት እወስዳታለሁ አልኩ። ማታ ቤት ስገባ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ ጠየቀችኝ።

«ዝርዝሩ ውስጥ የለሽም» አልኳት። «መዝገብሽ ንጹሕ ነው፣ ተመስገን በይ።»

«አንቺ ካልሽማ!» አለችና ወደ ስፌቷ ተመለሰች።

በአሥራ አንደኛው ቀን ስፌት መኪናዋ ላይ እንዳለች ወደቀች። አንዱ እጅጌ እንደተሰፋ፣ ሌላው መርፌው ሥር እንደተወሸቀ ነው ያገኘኋት። ሆስፒታል ሲለኳት ሁለት መቶ አሥር በመቶ ሃያ። ነፍሷ ተረፈች፤ ቀኝ እጇና አንደበቷ ግን ተያዙ። ልብስ ሰፊ ያለ ቀኝ እጅ! ወይ እኔ!

ተመራማሪዋ ቢሮ ገብቼ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ትጮኽብኛለች ብዬ ነበር፤ አልጮኸችም። ኮምፒውተሩ መቶ ሃያ በሰማንያዎቹን እንዲቆጥር አዘዘችው። ሦስት ሺህ አራት መቶ ስድስት። መነጽሯን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«‹አልተለካም› ቢሉ ኖሮ እኮ…» አለችኝ።

«ብል ኖሮ ምን?»

«መጀመሪያ የምንጠራው ያልተለኩትን ነበር። ምን ላይ እንዳለ የማይታወቅ ሰው ይቅደም ብዬ ደንቡን ራሴ ነኝ የጻፍኩት። ከዚህ ሆስፒታል አንድም ያልተለካ ስላልመጣ፣ እንዴት ጎበዞች ናቸው ብዬ አለፍኩ።»

አሁን ሥራዬ እነዚያን ካርዶች አንድ በአንድ ከወረቀቱ ጋር ማመሳከር ነው። ባዶውን «አልተለካም» እላለሁ፣ ገጹ እስኪከፈት እጠብቃለሁ፣ ምክንያቱን እጽፋለሁ፣ ከዚያ እደውላለሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው ተረቱ፤ እኔ ያፈሰስኩት ግን ሰው ነው፣ ተለቅሞ አያልቅም። ባለፈው ሳምንት አንድ ቁጥር ላይ ስደውል አንዲት ሴት አነሣችና «አባዬ እኮ ካረፉ ቆዩ» አለችኝ። በምን እንዳረፉ መጠየቅ ፈራሁ።

እህቴ ቀን ቀን መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ በቀኝ እጇ ለስላሳ ኳስ ለመጨበጥ ትታገላለች። ሊጠይቋት ለሚመጡት ሁሉ፣ በዚያ በተጣመመ አፏ፣ «መዝገቤ… ንጹሕ ነበር… ድንገት ነው» ትላለች። እኔን መከላከሏ ነው! ትናንት ግን አልቻልኩም። እግሯ ሥር ተቀምጬ የመለኪያውን መበላሸት፣ ሳጥኑን፣ አንዷን ደቂቃ፣ ጭብጨባውን፣ ሁሉንም ነገርኳት። ኮምፒውተሩ የተሳሳተው በእኔ ነው አልኳት።

ኳሱ ከእጇ ወደቀ። ትክ ብላ አየችኝና ቃሉን አንድ በአንድ እየጎተተች ታወጣው ጀመር።

«እኔ… ኮምፒውተሩን… አልጠየቅኩም… አንቺን ነው… የጠየቅኩት።»

ይህን ተናግራ ለመጨረስ አንድ ደቂቃ ያህል ፈጀባት። ሳላቋርጣት ጠበቅኳት።