የሰላሌው ድንጉላ ልጅ

እፀገነት ውርንጭላዋን ባየች ቁጥር ጥርጣሬዋ ይብስባታል። እግሯ አጭር፣ ጋማዋ የተንጨባረረ፣ ጠጉሯ እንደ በግ የጎፈረ ነው፤ ከእናቷ ከዳማዋ ባዝራ በቀር ማንንም አትመስልም። አባቷ ነው የተባለው የሰላሌው ድንጉላ ግን መለሎ፣ አንገተ ረጅም፣ ቆዳው የሚያብለጨልጭ ነበር። "ታዲያ ከእሱ ምኑን ወረሰች?" እያለች ትብሰለሰላለች።

እፀገነት በመንዝ፣ በቀየት ዙሪያ መኪና በማይገባባቸው መንደሮች የምትዞር የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። ባዝራዋ ገደል አትፈራም፣ ብርዱንም ትችላለች፤ ሶምሶማዋ ግን ወገብ ይሰብራል። ከኮርቻ ስትወርድ ቀጥ ብላ መቆም ያቅታታል። ባዝራዋን አስከትላ መሐል ሜዳ ዳር ወደሚኖሩት ወደ ጋሽ ወዳጆ የሄደችውም ባዝራዋን ከድንጉላቸው አስጠቅታ ሰጋር ውርንጭላ ለማግኘት ነበር። የእሳቸው ድንጉላ ከሰላሌ የመጣ ነው፤ ሲሰግር በላዩ የተቀመጠውን ሰው አያነቃንቅም ተብሎ ባገሩ ሁሉ ተወርቶለታል።

ያን ቀን ጋሽ ወዳጆ ድንጉላውን ከሩቅ አሳዩዋትና ባዝራዋን ተቀብለው ከድንጋዩ ካብ ጀርባ ይዘዋት ገቡ።

"እንግዳ ሲያይ ይናከሳል፤ አንቺ እዚሁ ጠብቂ" አሏት።

ጠበቀች። ኮቴና ማሽካካት ሰማች እንጂ ያየችው ነገር የለም። ውርንጭላዋ ከተወለደች ወዲህ ያ ካብ ካይኗ አልጠፋ አለ።

"ጋሽ ወዳጆ አታለሉኝ፣ መምሬ" አለች አንድ ቀን ለጎረቤቷ ለመምሬ ገብረየሱስ። መምሬ በጉብዝናቸው ዘመን ብዙ ፈረስ የገሩ ሰው ናቸው።

ውርንጭላዋን ዞረው ዞረው አዩ። "ቁመት በእናትም በኩል ይመጣል። ሳያዩ ሰው አይታማም፣ ልጄ።"

"ሳላይ አይደል እንዴ የተታለልኩት!"

በገበያ ቀን መሐል ሜዳ ወርዳ ከጋሽ ወዳጆ ዘንድ ያስጠቁ ሰዎችን ጠየቀች። አማከለች የምትባል ሴት ባዝራዋን ያስጠቃችው በዚያው ሰሞን ነበር፤ የእሷም ውርንጭላ ድንክ ሆኖ ቀርቷል። ቀደም ባሉት ዓመታት ያስጠቃ አንድ ሰውዬ ግን ውርንጭላው መለሎ እንደወጣለት ነገራት፤ ብቻ ብርድ ያንቀጠቅጠዋል፣ ድንጋያማ መንገድ ላይም ይሰናከላል። እፀገነት ሁለቱን ወሬ ስታስተያየው በመሐል አንድ ነገር እንደተለወጠ ገባት። ከገበያው በቀጥታ ጋሽ ወዳጆ ደጃፍ ሄደች።

"ድንጉላውን ልየው" አለቻቸው።

"ምን ማለትሽ ነው? ሌባ ነኝ?"

"አላልኩም። ልየው ነው ያልኩት።"

ጋሽ ወዳጆ ከካቡ ጀርባ ወሰዷት። ያ ስመ ጥር ድንጉላ ዳሌው ጎድጉዶ፣ ከንፈሩ ተንጠልጥሎ ቆሟል። አጠገቡ አንድ አጭር፣ ደረተ ሰፊ ወጣት ድንጉላ ገብስ ገለባ ያላምጣል።

"አርጅቷል" አሉ ዓይናቸውን ከእሷ አሽሽተው። "ያንቺን ባዝራ ያጠቃው ይኼ ልጁ ነው። እናቱ የመንዝ ናት። ቁመናው ወደ እናቱ ያደላል፤ አካሄዱ ግን የአባቱ ነው።"

"ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?"

"ብነግርሽ ትመጪ ነበር?"

ደሟ ፈላ። "አሁንስ የሚሉት እውነት ለመሆኑ ምን ማረጋገጫ አለኝ? የሰፈር ጭነት ፈረስ ቢሆንስ?"

"ለኮርቻ ስትደርስ ራሷ ትነግርሻለች።"

እፀገነት ደህና ይዋሉ እንኳ ሳትል ወጣች።

ውርንጭላዋን ልትሸጣት ብዙ ጊዜ አስባ ነበር። መምሬ እየከለከሏት ቆየች፤ ለኮርቻ ስትደርስም እሳቸው ራሳቸው ገሩላት። መጀመሪያ በወጣችባት ዕለት እፀገነት ወገቧን አጠንክራ፣ ጥርሷን ነክሳ ነበር የተቀመጠችው። ሜዳው ላይ ልጓሙን ላላ ስታደርግላት ፈረሲቱ አንገቷን ሰበር አድርጋ መስገር ጀመረች። የእፀገነት ወገብ ሳይነቃነቅ ወንዙ አፋፍ ደረሱ። ቁልቁለቱንም እንደ እናቷ ድንጋይ እየመረጠች ወረደችው። እፀገነት ሳታስበው ሳቀች፤ ወዲያው ደግሞ የሳቀችበት ነገር አናደዳት።

በዚያው ሰሞን መሐል ሜዳ መግቢያ ላይ ጋሽ ወዳጆ አገኟት።

"አላልኩሽም?" አሉ ከሩቅ እየሳቁ።

ልጓሙን ያዝ አድርጋ ጎንበስ ብላ ሰላምታ ሰጠቻቸው። "አካሄዷን አምኛለሁ፣ ጋሼ። እርስዎን ግን ገና ነኝ።"

ሳቃቸው በአፋቸው ቀረ። እሷም የክትባት ሣጥኗን ከኮርቻው ኋላ አስተካክላ መንገዷን ቀጠለች።